ገመዱ ከመመረጡ በፊት

ትግራይ ውስጥ ወዳለው ደብረ ዳሞ ገዳም የሚወጣ ተሳላሚ ከገደሉ ሥር ሲደርስ ሁለት ገመድ ይወርድለታል። አንዱ ከቆዳ የተገመደ ወፍራም ገመድ ነው፤ እሱን በእጁ እየጨበጠ፣ ዓለቱን በእግሩ እየረገጠ ይወጣል። ሌላው ወገቡ ላይ ይታሰራል። ከላይ የቆሙት መነኮሳት ሰውየው ከፍ ባለ ቁጥር የላላውን እየሳቡ ያጠብቁለታል። ገደሉ 15 ሜትር ያህል ነው፤ ከአምስት ፎቅ ጋር ይቀራረባል። ክንዱ የዛለ ወይም መሐል ላይ ፍርሃት የያዘው ሰው የቆዳውን ገመድ ቢለቅ እንኳ ወገቡ ላይ ያለው አይለቀውም።

ስለ ከፍታ ሥራ ለሚያስተምር ሰው ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም። አንዱ ገመድ ለሥራው ነው፤ ሌላው ሥራው ቢበላሽ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ ኢራታ የሚባለው የገመድ ሠራተኞች የሙያ ማኅበር ሲመሠረት፣ የሰሜን ባሕርን የነዳጅ መድረኮች ተንጠልጥለው ለሚጠግኑ ሰዎች የተቀመጠው ሥርዓት ያው ነው። ሠራተኛው ምንጊዜም በሁለት ገመድ ይያዛል፤ ሁለቱም ለየብቻቸው ይታሰራሉ፤ አንዱ ቢከዳ ሌላው አለ።

አዲስ አበባ ወደ ላይ እያደገች ነው። በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ከ200 ሜትር ያልፋል። መስታወት የለበሰ ሕንፃ በበዛ ቁጥር መስታወቱን የሚያጥበው፣ ግድግዳውን የሚቀባው፣ ማስታወቂያውን የሚሰቅለው ሰውም ይበዛል። የቴሌኮም ማማ ላይ የሚወጣ አለ፤ ጣሪያ ላይ ሮቶ የሚተክል፣ ዲሽ የሚያስተካክል፣ ቆርቆሮ የሚመታ አለ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በአንድ ገመድ፣ አንዳንዶቹም ያለ ምንም ገመድ ሲሠሩ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ይህ ጽሑፍ ለእነሱና ለሚያሠሯቸው ነው፤ ይበልጡን ለሚያሠሯቸው። ገመዱን የሚገዛው፣ ማሰሪያውን የሚያዘጋጀው፣ ጊዜ የሚሰጠው ወይም የሚነፍገው አሠሪው ነውና።

ብዙ ሰው ጥያቄውን የሚጀምረው «የትኛው ገመድ ይሻላል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ተራው ግን መጨረሻ ላይ ነው። ከእሱ በፊት፣ ሰው እዚያ ላይ መውጣት አለበት ወይ ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። መስታወቱ በረጅም ዘንግ ከታች ወይም ከውስጥ የሚታጠብ ከሆነ ይታጠብ። የብረት ሥራው መሬት ላይ ተበይዶ በክሬን የሚነሣ ከሆነ ይነሣ። የሶሌታው ጠርዝ ከወገብ ከፍ ባለ መከላከያ ሊታጠር፣ የአሳንሰሩ ጉድጓድ በማይንሸራተት ጠንካራ ሳንቃ ሊከደን ከቻለ ገመድ ሳይነሣ ይህ ይደረግ። አጥር ያስታወሰውንም የረሳውንም፣ ዛሬ ሥራ የጀመረውንም የቀን ሠራተኛ እኩል ይጠብቃል። ገመድ ግን የሚጠብቀው የታሰረውን ብቻ ነው፤ እሱንም በትክክል ከታሰረ።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች በቤት ሠራተኝነት የሚኖሩ እህቶቻችን ጉዳይ እዚህ ላይ ይነሣል። ከፎቅ መስኮት ወጥተው መስታወቱን በውጭ በኩል እንዲያጥቡ የሚታዘዙ አሉ። ለእነሱ የምመክረው ገመድ የለም፤ የአንሶላ ወይም የመጋረጃ ገመድ ወገብ ላይ ማሰር ከለላ አይደለም። ሲንጋፖር በ2012 (እ.ኤ.አ.) ያወጣችው ደንብ ነገሩን ከሥሩ ይይዘዋል። የመስኮቱ ፍርግርግ ካልተቆለፈ፣ ወይም አሠሪው አለዚያም የወከለው ሰው አጠገብ ሆኖ ካልተከታተለ፣ የቤት ሠራተኛ የፎቅ መስኮት በውጭ በኩል እንድታጸዳ ማድረግ ክልክል ነው። መልሱ ከመስኮቱ አለመውጣት ነው።

የግድ በገመድ መሥራት ካለብን ደግሞ የመጀመሪያው ምርጫችን ከጠርዙ የሚያስቀር ገመድ ይሁን። ጠፍጣፋ ጣሪያ ላይ ሮቶ የሚያስተካክል ሰው ከጣሪያው መሐል ታስሮ፣ የገመዱ ርዝመት ጠርዙ ጋ ከመድረሱ በፊት የሚያልቅ ከሆነ፣ ሊወድቅ የሚችልበት ቦታ ላይ አይደርስም። ከማሰሪያው እስከ ጠርዙ 6 ሜትር ከሆነ ገመዱን ከነመንጠቆው 5 ሜትር ላይ ማስቀረት ነው። ማዕዘኖቹን ግን መርሳት አያስፈልግም፤ ፊት ለፊት ላለው ጠርዝ የሚያጥረው ገመድ በጎን ላለው ቅርብ ጠርዝ ሊረዝም ይችላል። ይህን አሠራር ከሁሉም አስበልጠዋለሁ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ሰውየውም አየር ላይ አይንጠለጠልም፤ የሚያወርደው ሰውም አያስፈልገውም። ብዙ የጣሪያ ሥራ በዚህ ሊያልቅ ሲችል በወጉ የሚሠራበት ጥቂት መሆኑ ያሳዝነኛል።

ጠርዙ ላይ ወይም ከጠርዙ ውጭ የሚሠራ ሰው ሲሆን ግን ውድቀቱን የሚይዝ ነገር ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ትንሽ ቁጥር መነሣት አለበት፤ ምክንያቱም ዓይን ከፍታን እንጂ ጉልበትን አያይም። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው 2 ሜትር ለመውደቅ የሚፈጅበት ጊዜ ከሰከንድ ሁለት ሦስተኛ ያንሳል። በዚያች ቅጽበት ፍጥነቱ በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። እጁን ዘርግቶ የሆነ ነገር እይዛለሁ የሚለው ተስፋ ከዚህ በኋላ ተስፋ አይደለም። ገመዱ በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ቀጥ አድርጎ ካቆመው፣ ሰውነቱ ላይ የሚያርፈው ኃይል በአማካይ ከ1,600 ኪሎ ክብደት በላይ ነው። ያው ሰው፣ ያው ውድቀት፣ ነገር ግን በ1 ሜትር ርቀት ቀስ ተብሎ ከቆመ ኃይሉ ወደ 240 ኪሎ ይወርዳል። ከአጥር ላይ ኮንክሪት ላይ መዝለልና ጭድ ክምር ላይ መዝለል የሚለያዩትም በዚሁ ነው፤ ጭዱ ማቆሚያ ርቀት ይሰጣል።

ስለዚህ በጣም ጠንካራ፣ ምንም የማይሳብ ገመድ ማለት ጥሩ ገመድ ማለት አይደለም። የብረት ሽቦ ገመድ በራሱ ላይበጠስ ይችላል፤ የሚሰበረው ሰውየው ነው። ሃርነስ የሚባለውን የሰውነት መታጠቂያ ከማሰሪያው ጋር የሚያገናኘው ላንያርድ የሚባለው አጭር ገመድ ጫፉ ላይ በከረጢት የታሸገ ወፍራም ጥቅል ያለው ለዚህ ነው። ከረጢቱ ውስጥ ተጣጥፎ የተሰፋ ጠፍር አለ። ሰው ሲወድቅ ስፌቱ በተርታ እየተተረተረ ጠፍሩ ይዘረጋል፤ የውድቀቱንም ኃይል ይበላዋል። በአውሮፓ መለኪያ ይህ ኃይል መምጠጫ ሰውየው ላይ የሚደርሰውን ከ6 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም ከ600 ኪሎ ገደማ እንዳያልፍ ማድረግ አለበት።

ያም ኃይል ቢሆን ወገብ ላይ ብቻ ካረፈ አከርካሪን ሊሰብር፣ የሆድ ዕቃንም ሊጎዳ ይችላል። ሰውየውም ከቀበቶው ሾልኮ ሊወጣ ይችላል። አሜሪካ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1998 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የወገብ ቀበቶን ውድቀት ለመያዝ መጠቀም የከለከለችው በዚህ ነው። የደብረ ዳሞው ገመድ ወገብ ላይ ታስሮ የሚሆነው ከላይ ሁልጊዜ እየተሳበ ስለሚጠብቅ፣ ውድቀቱ ሳይጀመር ስለሚያልቅ ነው። በየሳይቱ «ሴፍቲ ቤልት» እየተባለ የሚታደለው የወገብ ቀበቶ ግን ሁለት ሜትር ላልቶ ነው የሚታሰረው። የሚያስፈልገው ትከሻን፣ ደረትንና ጭንን የሚይዝ ሙሉ ሃርነስ ነው፤ የአውሮፓ መለያው ኢኤን 361 ነው። ለውድቀት የሚታሰረው ጀርባ ላይ፣ በሁለቱ የትከሻ አጥንቶች መሐል ያለው ቀለበት ነው፤ አንዳንዱ ሃርነስ ደረት ላይም አለው። በጎንና በጎን ያሉት የወገብ ቀለበቶች ምሰሶ ላይ ተደግፎ ለመሥራት እንጂ ለውድቀት አይደሉም። የጭኑ ማሰሪያ ከጠበቀ በኋላ በእሱና በጭን መካከል ጠፍጣፋ እጅ ይገባል፣ ጭብጥ ግን አይገባም። ይህን ሳይፈትሹ መውጣት ሃርነሱን ቤት ትቶ እንደመምጣት ይቆጠራል።

አሁን ወደ ታች እንይ። ላንያርዱ 2 ሜትር ነው። ኃይል መምጠጫው እስከ 1.75 ሜትር ሊዘረጋ ይችላል። ከጀርባው ቀለበት እስከ ጫማው 1.5 ሜትር ያህል አለ። ለመጠባበቂያ 1 ሜትር ይጨመር። ድምሩ 6.25 ሜትር ነው፤ ከማሰሪያው በታች ይህን ያህል ባዶ ቦታ መኖር አለበት ማለት ነው። አሁን አንድ ሠራተኛ አንደኛ ፎቅ ሶሌታ ጠርዝ ላይ ቆሞ፣ እግሩ ሥር በወጣ ፌሮ ላይ መንጠቆውን አስገብቷል እንበል። ከመሬት ያለው ከፍታ 3 ሜትር ነው። ሃርነሱ አዲስ፣ ላንያርዱ እውነተኛ፣ ፌሮውም ጽኑ ሊሆን ይችላል፤ ገመዱ ሳይወጠር ሰውየው መሬት ላይ ነው። ሁለተኛ ፎቅም ላይ ቢሆን፣ ማለትም 6 ሜትር ላይ፣ ስሌቱ አይበቃም። የቅርብ ከፍታ የሚናቅ ይመስለናል፤ በገመድ ለመያዝ ግን የሚያስቸግረው የቅርቡ ነው። ለዚህም ነው ለአንደኛና ለሁለተኛ ፎቅ አጥርና መረብ እንዲቀድም የምወተውተው።

ነገሩን ከሁሉ በላይ የሚያሻሽለው ማሰሪያውን ከፍ ማድረግ ነው። ከራስ በላይ የታሰረ ሰው ገመዱ እስኪወጠር የሚወድቀው ጥቂት ነው። እግሩ ሥር የታሰረው ግን ከቀለበቱ እስከ ወለሉ ያለውን 1.5 ሜትር፣ ከዚያም የላንያርዱን 2 ሜትር፣ በጠቅላላው 3.5 ሜትር ወድቆ ነው መያዝ የሚጀምረው። ማሰሪያው ከራስ በላይ መሆኑ ብቻም አይበቃም፤ በቀጥታ ከላይ መሆን አለበት። ወደ ጎን 4 ሜትር ርቆ የሚሠራ ሰው ሲወድቅ ወደ ማሰሪያው እየተወዛወዘ ይሄዳል፤ መንገዱ ላይ ኮለን ካለ የሚገጨው በውድቀቱ ፍጥነት ነው።

ማሰሪያው ራሱ ምን ይሁን? የአሜሪካ ደንብ ለአንድ ሰው 5,000 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 2,270 ኪሎ የሚሸከም ማሰሪያ ይጠይቃል። መካከለኛ መኪና ቢንጠለጠልበት የማይነቃነቅ ነገር ማሰብ ነው። አርማታው የደረቀ ኮለን፣ የሕንፃው ዋና ቢም፣ በባለሙያ የተተከለና የተፈተነ የማሰሪያ ቀለበት ይሆናሉ። የውሃ ቧንቧ፣ የበረንዳ መደገፊያ፣ የመስኮት ፍሬም፣ የአየር ማቀዝቀዣ ማቆሚያ፣ ትናንት የተሞላ ኮለን አይሆኑም። በአገራችን ጎልቶ የሚታየው ስሕተት ደግሞ ራሱን የባህር ዛፍ መወጣጫውን ማሰሪያ ማድረግ ነው። ርብራቡ ሲደረመስ የታሰረውን ሰው ይዞት ይሄዳል፤ ያልታሰረው የመዝለል ዕድል ሊኖረው ይችላል፣ የታሰረው እሱም የለውም። በእንጨት መወጣጫ ላይ የሚሠራ ሰው ገመድ ከሕንፃው መታሰር አለበት።

ለእንዲህ ያለው ሥራ የሚስማማው ከላይኛው ሶሌታ ቁልቁል የሚለቀቅ የሕይወት ገመድ ነው። በገመዱ ላይ ትንሽ መያዣ መሣሪያ ትገባለች፤ ሠራተኛው ሲወጣና ሲወርድ አብራው ትሄዳለች፤ ድንገት ሲወድቅ ግን ገመዱን ነክሳ ትቆማለች። መሣሪያዋና ገመዱ አብረው የተፈተኑ መሆን አለባቸው፤ ለ11 ሚሊ ሜትር ገመድ የተሠራች መያዣ 14 ሚሊ ሜትሩ ላይ ላትንሸራተት፣ 9 ሚሊ ሜትሩን ደግሞ ላትነክስ ትችላለች። በአንድ ቁልቁል ገመድ ላይ አንድ ሰው ብቻ ይታሰር። አንዱ ሲወድቅ ገመዱ ስለሚወዛወዝ ሁለተኛውን ከቆመበት ሊጥለው ይችላል።

መኪና ላይ ዕቃ ለሚጭኑና ለሚያራግፉ፣ ወይም ከራስ በላይ ጥሩ ቢም ላላቸው፣ በሳጥን ውስጥ እየተጠቀለለ ራሱን የሚያጠብቀው ዓይነት ይሻላል፤ ውድቀቱን ገና በጅምሩ ይይዘዋል። ማማ ላይ የሚወጣ ደግሞ ባለ ሁለት ክንድ ላንያርድ ይያዝ፤ አንዱን ሳያስገባ ሌላውን አይነቅልም።

በገመድ ተንጠልጥለው መስታወት የሚያጥቡ ልጆች ጉዳይ ለብቻው ነው፤ ለእነሱ ገመዱ ጥበቃም ወንበርም ነው። ሁለት ገመድ፣ ሁለት ማሰሪያ። በአንዱ ላይ በመውረጃ መሣሪያ ይወርዳሉ፤ በሌላው ላይ መያዣዋ ትከተላቸዋለች። ወንበር ቢጠቀሙም የሚታሰረው ሃርነሳቸው ነው፤ ወንበሩ ለምቾት ብቻ ነው። የሁለቱም ገመዶች ጫፍ ላይ ትልቅ ቋጠሮ ይቋጠር። ገመዱ መሬት የደረሰ መስሎት መጨረሻውን አልፎ የወረደ ሰው የሚያልቀው በዚያች ባልተቋጠረች ጫፍ ነው፤ ቋጠሮው የሚፈጀው ግን ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። ገመዱን ከማሰሪያው ጋር ለማገናኘት የስምንት ቁጥር ቋጠሮ ይመረጣል፤ በዓይን ለመፈተሽ ይቀላል፣ ከብዙዎቹም ቋጠሮዎች ይልቅ የገመዱን ጥንካሬ ይጠብቃል። ማንኛውም ቋጠሮ ግን ጥንካሬን ይቀንሳል፤ መሐል ላይ ሳይፈለግ የተቋጠረ ገመድ ሳይፈታ አይሠራበት። ካራቢነር የሚባለው መንጠቆም የሚቆለፍ ዓይነት ይሁን፤ ጉተታው በርዝመቱ ይምጣ፤ በወርዱ ሲጎተት ጥንካሬው ወደ ሲሶ ይወርዳል።

አሁን ወደ ገመዱ ራሱ ደርሰናል። ከቃጫ የተገመደው ይቅር፤ ይበሰብሳል፣ ውስጡ ሲደርቅ ከላይ አይታወቅም። ለጭነት መኪና ማሰሪያ የሚሸጠው ሰማያዊና አረንጓዴ የፕላስቲክ ገመድም ይቅር። ገበያ ላይ ናይለን ቢባልም አብዛኛው ፖሊፕሮፒሊን ነው። ፀሐይ ቶሎ ያደርቀዋል፤ ወደ 165 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ይቀልጣል፤ ሲፋተግ የሚፈጠረው ሙቀት ለዚያ ሊበቃ ይችላል። ለመለየት ቁራጩን ውሃ ውስጥ መጣል ነው፤ ፖሊፕሮፒሊን ይንሳፈፋል፣ ናይለን ይሰጥማል። መስጠሙ ግን ለሕይወት ገመድነት አያበቃውም፤ መንሳፈፉ ብቻ ለመጣል ይበቃል።

ለዚህ ሥራ የሚሠራው ገመድ ሁለት ክፍል አለው። መሐሉ ላይ ክብደቱን የሚሸከም አስኳል፣ ከውጭ አስኳሉን የሚጠብቅ ሽሩብ ሽፋን። የአውሮፓ መለያው ኢኤን 1891 ነው፤ ኤ የተባለው ዓይነት ቢያንስ 22 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም 2,200 ኪሎ ገደማ መቻል አለበት። ለሥራ የሚመረጠው 11 ሚሊ ሜትር አካባቢ ያለው ነው። ገመዱ ሲቆረጥ ጫፉን ከፈት አድርገው ይመልከቱ፤ ከአስኳሉ ጋር አብሮ የሚሄድ ቀጭን ሪባን አለ። ሪባኑ ላይ የአምራቹ ስም፣ የመለያው ቁጥር፣ የተመረተበት ዓመትና ጥሬ ዕቃው በየሜትሩ እየተደገመ ተጽፎበታል። ሻጩ የፈለገውን ቢናገር፣ ሪባን የሌለውን ገመድ ኢኤን 1891 ነው ተብሎ መግዛት አይገባም። ለስፖርት ተራራ ወጪዎች የሚሠራው በጣም የሚሳበው ገመድ ሌላ ነው፤ በእሱ ላይ ተንጠልጥሎ የሚሠራ ሰው ወደ ላይና ወደ ታች ሲነጥር ይውላል።

ገመድ ከክብደት ይልቅ በጠርዝ ይሞታል። 2,200 ኪሎ የቻለው ገመድ ተወጥሮ ሳለ የቆርቆሮ ወይም የአሉሚኒየም ጠርዝ ላይ ወደ ጎን ቢንሸራተት፣ በአንድ ሰው ክብደት ብቻ ሊቆረጥ ይችላል። መስታወት አጣቢው ከጣሪያው ጫፍ ሲወርድ ገመዱ የሚታጠፍበትን ቦታ በእጅ መዳበስ፣ ከዚያም በተሠራለት መከላከያ ወይም በወፍራም ሸራ መሸፈን፣ ሸራው እንዳይንሸራተትም ራሱን ማሰር ያስፈልጋል። ብየዳ ወይም ግራይንደር ባለበት ሥራ ብልጭታ በአንድ ጊዜ ሽፋኑን ይበሳል።

ሌላው ጠላት አሲድ ነው፤ ይህ በእኛ አገር በተለይ ሊታወቅ ይገባዋል። አዲስ ሕንፃ ሲያልቅ የሲሚንቶ ቅሪት ከሴራሚክና ከመስታወት ላይ የሚለቀቀው ብዙውን ጊዜ በአሲድ ነው። ናይለን ደግሞ አሲድ አይችልም። ከባልዲው የተረጨው ጠብታ ሲደርቅ ገመዱ ላይ ምንም ላይታይ ይችላል፤ ጥንካሬው ግን ሄዷል። ፖሊስተር አሲድን የተሻለ ይቋቋማል፤ በተራው ግን የሲሚንቶ ውሃን ዓይነት አልካሊ አይወድም። ስለዚህ በአሲድ የሚሠራ ሰው የገመዱን ጥሬ ዕቃ ማወቅ አለበት፤ አሲድ የነካውን ገመድም ያለ ክርክር ከሥራ ማስወጣት አለበት። ገመድና የመኪና ባትሪ በአንድ መጋዘን አይደሩ። ባልዲ የሚጎተትበት ገመድ ለሕይወት፣ የሕይወት ገመድም ለባልዲ አይውል።

ምርመራ በዓይን ብቻ አይሆንም። ገመዱን በባዶ እጅ ከጫፍ እስከ ጫፍ እያሳለፉ፣ በየጥቂት ሳንቲ ሜትሩ አጠፍ እያደረጉ መዳበስ ነው። ጤናማ ገመድ ሲታጠፍ ክብ ቅስት ይሠራል፤ አስኳሉ የተጎዳበት ቦታ ግን እንደ ማጠፊያ ስብር ይላል፣ ወይም ይሳሳል፣ ወይም ያብጣል። የጠነከረና የሚያብለጨልጭ ቦታ ከተገኘ ሙቀት አቅልጦታል። ሃርነሱ ላይ የሚታየው ስፌቱና የጠፍሩ ጠርዝ ነው። ኃይል መምጠጫው ከረጢቱ ተቀዶ ከሆነ ሥራውን ጨርሷል። ይህ ከእያንዳንዱ ሥራ በፊት ይደረጋል፤ ከዚህ ሌላ ቢያንስ በ12 ወር አንዴ ሙያው ያለው ሰው መርምሮ ይጽፍበታል። ገመድ ሲቆሽሽ ለብ ባለ ውሃና በቀላል ሳሙና ታጥቦ ጥላ ውስጥ ይደርቃል።

ቶድ ስኪነር በዓለም የታወቀ አሜሪካዊ ዓለት ወጪ ነበር። በኦክቶበር 2006 (እ.ኤ.አ.) በካሊፎርኒያ ዮሰሚቲ ውስጥ በገመድ ሲወርድ የሃርነሱ የፊት ቀለበት ተበጥሶ ሞተ። ገመዱ አልተበጠሰም፤ ማሰሪያው አልተነቀለም። የተበጠሰው ሲፋተግ የቆየው የጠፍር ቀለበት ነው፤ ማለቁ ታውቆ አዲስ ሃርነስ ታዝዞ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ በዚህ የኖረ ሰው «እስኪመጣ ድረስ ልሥራበት» ብሎ ከሞተ፣ በቀን ሒሳብ ለሚሠራና ዛሬ ካልሠራ ዛሬ ለማይበላ ወጣት ይህን ውሳኔ መተው ግፍ ነው። «ይህ ሃርነስ አይሠራም» ብሎ ሥራ የሚያስቆም ሰው በሳይቱ ላይ መኖር አለበት፤ እሱም ይህን በማድረጉ ሊወቀስ አይገባም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመከላከያ መሣሪያ ማቅረብንና አጠቃቀሙን ማስተማርን በአሠሪው ላይ፣ በአግባቡ መጠቀምን በሠራተኛው ላይ ጥሏል። ለደህንነቱ ወይም ለጤናው የሚያሰጋ አደጋ መኖሩ እየተነገረው አሠሪው በጊዜው እርምጃ ካልወሰደ፣ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ እንደሚችልም ይደነግጋል።

ሁሉም ነገር በትክክል ተሠርቶ ሰው ወደቀ እንበል፤ ገመዱ ያዘው፤ ተንጠልጥሏል። ብዙ ቦታ ዝግጅቱ እዚህ ላይ ያልቃል። የተንጠለጠለ ሰው እግሩን ካላንቀሳቀሰ ደሙ እግሩ ላይ ይከማቻል፤ ወደ ልብና ወደ አንጎል የሚመለሰው ያንሳል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ሊስት፣ ከዚያም ሊሞት ይችላል። ስለዚህ የሚያወርደው መሣሪያና አወራረዱን የተለማመደ ሰው ሥራው ሲጀመር እዚያው ሳይት ላይ መሆን አለባቸው። መሰላል ከየት ይመጣል፣ ማን ከላይ ሆኖ ይስባል፣ የቱ መስኮት ይከፈታል የሚለው ከመውጣት በፊት ይነገር፤ ቢያንስ አንድ ጊዜም በአሸዋ ከረጢት ይሞከር። ተንጠልጣዩ ነፍሱን የሚያውቅ ከሆነ እግሩን ያንቀሳቅስ፤ ሃርነሱ ላይ የእግር መርገጫ ጠፍር ካለ ዘርግቶ ይቁምበት። ብቻውን የሚሠራ ሰው ይህን ሁሉ የሚያደርግለት ስለሌለ፣ በገመድ ብቻውን አይሥራ።

ከወረደ በኋላ አስተኝቶ መተንፈሱን ማየትና ሌላውንም የተለመደ የመጀመሪያ ዕርዳታ መስጠት ነው። ተንጠልጥሎ የቆየ ሰው ጋደም ማለት የለበትም የሚለው ቀድሞ ይሰጥ የነበረ ምክር የብሪታንያ የሥራ ደህንነት ባለሥልጣን በ2009 (እ.ኤ.አ.) ባስጠናው ጥናት ማስረጃ አልተገኘለትም። ደህና ነኝ ቢልም ሐኪም ይየው። የወደቀበት ሃርነስ፣ ላንያርድና ገመድ በዚያው ሰዓት ከሥራ ወጥተው ለምርመራ ይቀመጡ፤ ምርመራው ሲያልቅ ማንም መልሶ እንዳይለብሳቸው ተቆራርጠው ይጣሉ።